የዩኒቨርሲቲው በር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው

አዋሽ ሰባት ኪሎ 12ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ አይጽፍም። ውጭ አገር ያደጉ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ይገርማቸዋል። እነሱ በሚያውቁት ሥርዓት ተማሪው ለስድስት ለሰባት ኮሌጅ ያመለክታል፣ ስለ ራሱ ድርሰት ይጽፋል፣ መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፉለታል፤ ከዚያ ማን እንደተቀበለው ማን እንደመለሰው ለማወቅ ወራት ይቆጥራል። እኛ ጋ ያለው፣ ከጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች በቀር፣ አንድ አገር አቀፍ ፈተና፣ አንድ ውጤትና አንድ ምደባ ነው። ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድበዋል።

አጭር ስለሆነ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደብዳቤና ድርሰት የሚልክ ልጅ አንድ ቦታ ቢደክም በሌላው ሊካስ ይችላል። የእኛ ልጅ ግን የአራት ዓመት ትምህርቱ በጥቂት ቀን ፈተና ይመዘናል፤ ሌላ የሚያሳየው ነገር የለውም። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ሲደርስ «አሁን እንዘጋጅ» የሚል ተማሪ ዘግይቷል። ዝግጅቱ የሚጀመረው 9ኛ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይመጣል፤ ከአፋር ክልል አዋሽንና ሰመራን የመረጥኩትም ነገሩ እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው፤ ያለ ቁጥር የሚወራው ሁሉ ወይ ማስፈራሪያ ወይ ማጽናኛ ይሆናል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናቸውን የወሰዱት በጥቅምት 2015 ነበር። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በ2016 ያለፉት ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አሉ። በ2017 ደግሞ 585,882 ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ።

ከ2015 በፊት የሚያልፈው ከዚህ በብዙ ይበልጥ ነበር፤ ታዲያ የኢትዮጵያ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ደንቆሮ ሆነ? አልሆነም። የተለወጠው የፈተናው ቦታና ጥበቃ ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው የሚፈተነው በየአካባቢው ትምህርት ቤት ነበር፤ ኩረጃው ከክፍል አልፎ የከተማ ጉዳይ የሆነበት ቦታ ሞልቶ ነበር። በ2015 ጥቅምት ተፈታኞች በሙሉ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወሰዱ፣ ስልክ ተከለከለ፣ ፈታኞቹም የማያውቋቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆኑ። ያኔ ለዓመታት ተሸፍኖ የቆየው እውነተኛ ቁጥር ወጣ። መራራ ነው፤ እኔ ግን ከሐሰተኛው ከፍተኛ ውጤት ይሻላል ባይ ነኝ። ቢያንስ ልጁ የት እንደቆመ ያውቃል።

ለአፋር ልጅ «ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዶ መፈተን» ምን ማለት እንደሆነ ካርታ ይዛችሁ እዩት። በክልሉ ያለው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከአዲስ አበባ አዋሽ ሰባት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰመራ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከአዋሽ ተነስቶ ሰመራ የሚፈተን ልጅ እንግዲህ በጅቡቲው መንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን ከከባድ መኪናዎች ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ፈተናው ሐምሌ ላይ ሲውል ደጋው በጭጋግና በዝናብ ይንቀጠቀጣል፤ ሰመራ ግን ሙቀቱ 40 ዲግሪን ይሻገራል። ሙቀት ያልለመደ ልጅ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ሒሳብ ይፈተናል። የአፋር ልጅ ሙቀቱን ያውቀዋል፤ የሚከብደው ከቤት መውጣቱ፣ የማያውቀው ዶርም፣ የማያውቀው ፈታኝ ነው። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡት የዚያን ቀን ነው። ስለዚህ ሰመራና ሎጊያ ላሉ ትምህርት ቤቶች ርካሽ ምክር አለኝ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን አንድ ቀን ግቢውን አስጎብኟቸው። ቤተ መጻሕፍቱን ይዩት፣ ካፌውን ይዩት። ከፈተናው ፍርሃት ግማሹ የቦታው ፍርሃት ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ የሁሉም ነው፤ በተፈጥሮ ሳይንስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨመራሉ። ከ600 ይታሰባል፤ ማለፊያው 300 ነው። ጥያቄው ምርጫ ነው፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ ትቶ መውጣት ለማንም አይጠቅምም።

ከስድስቱ አንዱን ብቻ አጥኑ ብባል ያለማመንታት እንግሊዝኛ እላለሁ። ምክንያቱም እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት አይደለም፤ የስድስቱም ትምህርት ጥያቄ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። የአፋር ልጅ ሸክሙ እዚህ ላይ ከሌላው ይከብዳል። ቤቱ የሚናገረው አፋርኛ ነው፤ እሱም ዲሚስና ሬዶ የተባሉ የአፋር ሰዎች በ1960ዎቹ ባዘጋጁት መንገድ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ከተማውና ቢሮው አማርኛ ነው፣ በግዕዝ ፊደል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ የባዮሎጂው ሴልም፣ የታሪኩ የዓድዋ ጦርነትም በእንግሊዝኛ ይመጣል። አንድ ልጅ በሦስት ቋንቋና በሁለት ፊደል እያሰበ «ከሚከተሉት የትኛው ስሕተት ነው?» የምትል ጥያቄ ይገጥመዋል። ፊዚክሱን እያወቀ «ስሕተት» የምትለዋን ቃል ሳያያት ያልፋል። ይህን የፊዚክስ ችግር ነው ብሎ ፊዚክስ ማስጠናት መድኃኒቱን ለሌላ በሽተኛ መስጠት ነው።

መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። 9ኛ ክፍል ላይ የባዮሎጂውንም የጂኦግራፊውንም መጽሐፍ እንደ እንግሊዝኛ ማንበቢያ መያዝ ነው። በየቀኑ ሁለት ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ያልገባውን ቃል በአፋርኛ ወይም በአማርኛ ዳር ላይ መጻፍ፣ ማታ የተነበበውን በራስ ቋንቋ ለታናሽ ወንድም ወይም ለእናት መተረክ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የታተመ መጽሐፍ ባልደረሰበት ቦታ ፒዲኤፉ በየስልኩ ይዞራል። ኔትወርክ ባለበት ቀን አንዴ አውርዶ ለክፍሉ በሙሉ ማጋራት ነው። አፕቲቲዩድ መጽሐፍ የለውም ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ እሱም ቢሆን ግማሹ የማንበብ ችሎታ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ይመጣል። የቆዩ ፈተናዎችን በሰዓት እየሠሩ መለማመድ ከ11ኛ ክፍል ቢጀመር በቂ ነው። ከዚያ በፊት መልስ መሸምደድ ብቻ ይሆናል።

11ኛ ክፍል ላይ የሚመጣው ሌላው ነገር የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ የምወደው ርእስ ነው። ብዙ ልጅ የሚመርጠው ጓደኛው የሄደበትን ነው፤ ወይም «ጎበዝ ተፈጥሮ ሳይንስ ይገባል» የሚለውን አሮጌ ወሬ ተከትሎ ነው። ለአዋሽ ሸለቆ ልጅ ግን ምርጫው ከደጁ ይጀምራል። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሉሲ የተገኘችው ሀዳር ላይ ነው፤ አፋር ውስጥ። ሦስት የመሬት ቅርፊቶች የሚለያዩበት ቦታ እዚሁ አካባቢ ነው። በመስከረም 1998 በዳባሁ በኩል መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰነጠቅ የዓለም ጂኦሎጂስት ሁሉ ሻንጣውን ይዞ መጣ። በታኅሣሥና ጥር 2017 በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ መሬቱ በተከታታይ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ ተማሪዎችም በመካከላቸው ነበሩ። ከዚህ ሌላ በየግጦሹ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ አለ፤ እሾሁ ግመሉንም ሰውየውንም ያስመረረው። በመልካ ሰዲ በኩል ጨው እየበላው ያለው የመስኖ መሬት አለ። የተንዳሆ የእንፋሎት ጉድጓዶች አሉ።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ከሩቅ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። መሬቱን የሚያውቀው ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ መሪና አስተርጓሚ ሆኖ ይቀራል። ጂኦሎጂ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የአፈርና የውኃ ሳይንስ፣ የግጦሽ መሬት አያያዝ ለሚያጠና የአፋር ልጅ አገሩ ሙሉ የሥራ ማስታወቂያ ናት። ወረር የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ እዚያው አለ፤ ከአዋሽ ብዙ አይርቅም። ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠም ቢሆን የመሬት፣ የግጦሽና የውኃ ሕጉ፣ የአፋር የዕርቅ ሥርዓት፣ የጅቡቲው ንግድ ከደጁ ይጠብቁታል። ማንም ዕድሜውን ለ«ጎበዝ» ማዕረግ ብሎ በማይወደው ፊዚክስ ላይ አይፍጀው።

ሰነድ። ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ብዙ ልጅ የሚያለቅስበት ግን እሱ ነው። በ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ ላይ «መሀመድ» ተብሎ የተጻፈ ልጅ በትራንስክሪፕቱ «ሙሐመድ» ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ጋ ባለ አንድ ኤም፣ ሌላው ጋ ባለ ሁለት ኤም። የአያት ስም አንዱ ጋ አለ፣ አንዱ ጋ የለም። አሁን የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥርም ለፈተና ምዝገባ ሲጠየቅ ስለምናይ ሦስተኛ ዓይነት አጻጻፍ ይጨመርበታል። ኮምፒውተር ደግሞ «ያው ነው፣ የኛ ልጅ ነው» አይልም። 9ኛ ክፍል ሲመዘገቡ ስሙን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ አድርጎ መቁረጥ፣ ፋይዳ ሲወጣም ያንኑ ማስጻፍ፣ 12ኛ ክፍል ላይ የፈተና ምዝገባው ሲለጠፍ ፊደል በፊደል ማንበብ ያስፈልጋል። ማረም የሚቻለው ምዝገባው ክፍት በሆነበት ጊዜ ነው። በኋላ ያለው መንገድ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ነው፤ ከሰመራ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ደግሞ የአንድ ፍየል ዋጋ ይፈጃል።

ፈተናው ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። የጥያቄ ወረቀቱ ኮድ አለው፤ አጠገባችሁ ያለው ልጅ የያዘው ኮድ ከእናንተ ይለያል። ኮዱን መልስ መስጫው ላይ በትክክል አለማጥቆር ማለት የሠራችሁትን በሌላ ሰው ቁልፍ ማሳረም ነው። አሁን ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ስለሆነ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ አስቀድሞ ጥቂት ቀን ቢለማመድ ይሻላል። የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ተቆልፎ የሚውል ከሆነ ወላጅ ኮሚቴው ቁልፉን ይጠይቅ፤ አይፈር።

ስለ ወሬም ላውራ። የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ዳጉ ይለዋወጣል። የት እንደዘነበ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ምን እንደተሰማ ይነጋገራል። የዳጉ ጨዋታ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሰውየው በዓይኑ ያየውንና የሰማውን ለይቶ መናገር አለበት፣ ከማን እንደሰማም ይጠየቃል። የውሸት ዳጉ ያስተላለፈ ሰው ስሙ ይጠፋል። ዕድሜ ልኩን በዚህ ሕግ ያደገ ልጅ ቴሌግራም ላይ ሲደርስ ሕጉን ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም። «የዘንድሮ ፈተና መልስ በ500 ብር» የሚል ማን ነው? በዓይኑ አይቷል? ከማን ሰማ? በግንቦት 2008 ፈተናው በእርግጥም በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ነበር፤ የሆነው ነገር ግን ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ ሌላ መሰጠቱ ነው። ያን ወረቀት ገዝቶ የሸመደደ ሁሉ ብሩንም እንቅልፉንም አጣ። የመቁረጫ ነጥብ ወሬም እንደዚሁ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ወይም የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ራሱ ያላለውን ለማንም አታስተላልፉ። ውጤቱን ለማየት ደላላ አያስፈልግም፤ የመፈተኛ ቁጥርን ወደ 6284 በአጭር መልእክት መላክ ይቻላል። ቅሬታ ያለው ሰው ከውጤቱ ቀጥሎ ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚሰጥ በዚያው ሳምንት ያቅርብ።

ውጤት ከመጣ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። 50 በመቶና በላይ ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ከዚያ በታች ካሉት የተሻለ ያመጡት ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ሪሜዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት በየዩኒቨርሲቲው ይወስዳሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት 100 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ነበሩ። ጥቂት ወራት ተምረው ይፈተናሉ፤ 30 በመቶው ከዩኒቨርሲቲው፣ 70 በመቶው ከማዕከል ይመጣል። 50 ያመጣ ወደ አንደኛ ዓመት ያልፋል። የሪሜዲያል መግቢያ ነጥብ ለሁሉም አንድ አይደለም፤ ለሴቶች፣ ለአርብቶ አደር አካባቢና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች ዝቅ ይላል። ይህን «ችሮታ» እያሉ የሚያሾፉ አሉ። እኔ አልስማማም። ድርቅ ሲመጣ ከቤተሰቡ ጋር ከብት ተከትሎ ሁለት ወር ከትምህርት የቀረ ልጅና አዲስ አበባ አስጠኚ ተቀጥሮለት ያደገ ልጅ አንድ ነጥብ ካመጡ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ሮጧል። ደግሞም የሪሜዲያሉ ማለፊያ ለሁሉም እኩል 50 ነው፤ ዝቅ የሚለው የመግቢያው በር እንጂ የመውጫው አይደለም።

ሪሜዲያልም ያልደረሰው ልጅ በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ ይችላል፤ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። ገዋኔ ያለው የግብርና ኮሌጅ ለዚህ ሸለቆ እንግዳ አይደለም። በዚህ ጊዜ ልጁን የሚሻማው ሌላ ትምህርት ቤት ሳይሆን የጅቡቲው መንገድ ነው። ሎጊያና አዋሽ የሹፌር ከተሞች ናቸው፤ ረዳት ሆኖ ጅቡቲ የተመላለሰ ልጅ በወር የሚያገኘውን ብር ለጓደኞቹ ሲያሳይ ደብተር የያዘው ልጅ ልቡ ይሸፍታል። ባህር ተሻግሮ ሳዑዲ የመሄዱ ጥሪም በዚሁ መንገድ ነው የሚያልፈው። እዚህ ላይ ስብከት አይሠራም። የሚሠራው ስሌት ነው፤ የተማረ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከረዳት ምን ያህል የበለጠ እንደሚያገኝ ሎጊያ ጋራዥ ሄዶ መጠየቅ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ነጥብ ሳይጠይቅ «ዲግሪ አስተምራለሁ» የሚል የግል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ለዲግሪ የግሉም እንደ መንግሥቱ ማለፊያ ነጥብ ወይም ሪሜዲያል ይጠይቃል፤ ዕውቅናውን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል።

ምርጫ አሞላል ላይ ሰው ሁሉ የራሱ ፈሊጥ አለው። ብዙው ግን ነጥቡን ሳያይ አዲስ አበባን አንደኛ ይጽፋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግን በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ ሆኗል፤ ተማሪ የሚቀበለውም በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ የራሳቸው ፈተና አላቸው። እነዚህን የሚፈልግ ልጅ ምዝገባቸውን ከውጤቱ ማግሥት መከታተል አለበት፤ ቀኑ አጭር ነው። ከዚያ ውጭ ያሉትን ስትሞሉ ለምን እንደምትመርጡት አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር የማትችሉትን ዩኒቨርሲቲ አትጻፉ። ሀረማያ ለግብርና፣ ጎንደርና ጅማ ለጤና፣ አርባ ምንጭ ለውኃ ምህንድስና የቆየ ስም አላቸው፤ ይህ ምክንያት ነው። «ጓደኛዬ እዚያ ሞልቷል» ምክንያት አይደለም። ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ ጨቅላ ሕፃን የያዙ እናቶች፣ መንትዮች በልዩ ሁኔታ እንዲታዩ የሚያቀርቡት ማስረጃ አለ፤ የሆስፒታሉን ወረቀት ቀደም ብሎ ማዘጋጀት ነው።

ሰመራ ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ ሐሜት ብዙ ነው፤ ሙቀቱ፣ ርቀቱ፣ አዲስነቱ። የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ጅጅጋ፣ ድሬዳዋ፣ ወሎና ደብረ ብርሃን በተከፈቱበት ዘመን፤ ስለዚህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ሙቀቱ እውነት ነው። ነገር ግን የበረሃ እንስሳት፣ የቆላ ግብርና፣ የአርብቶ አደር ጤና ለማጥናት ደጋ መሄድ ባሕር ለማጥናት ተራራ እንደ መውጣት ነው። የአዋሽ ልጅ ሰመራ ቢመደብ «እዚሁ ቀረሁ» ብሎ አይዘን፤ ወላጆቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊያዩት የሚችሉበት ቦታ ነው። ለቤተሰቡ ደግሞ በተለይ ለሴት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሴት ልጅን ካነሳን ዳር ዳሩን አልዞርም። በአፋር አብሱማ የሚባል የአክስትና የአጎት ልጆች ጋብቻ አለ፤ ቤተሰብን የሚያስተሳስር፣ ክብርም ያለው ባህል ነው። ችግሩ ቀኑ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ጋር የሚገጣጠምበት ጊዜ መብዛቱ ነው። ውጭ ሆኖ ባህሉን መስደብ ለማንም አልጠቀመም። የሚሰማው በአብዛኛው የጎሳው ሽማግሌ ነው፤ «ጋብቻው ይቆይ፣ ፈተናዋን ትውሰድ» የሚለውን እሱ ሲናገረው ይጸናል። ስለዚህ ጎበዝ ሴት ተማሪ ያላቸው ርእሰ መምህር 12ኛ ክፍል እስክትደርስ አይጠብቁ፤ 9ኛ ክፍል ላይ ከአባቷና ከሽማግሌው ጋር ሻይ ይጠጡ።

ውጭ አገር የሚማር ልጅስ? እዚያ ነው ማመልከቻው የሚመጣው። ለአብነት የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ክፍት ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ፣ ውጤቱ ቢያንስ 70 በመቶ የሆነ 12ኛ ክፍል ያለም ያጠናቀቀም ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ነፃ ነው፤ «አስገባልሃለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ እዚህም አያስፈልግም። ትራንስክሪፕት ይጠየቃል፤ ይህም ማለት የ9ኛ ክፍል ውጤታችሁ እንደገና ይነበባል ማለት ነው። ለምን መማር እንደፈለጋችሁም ትጽፋላችሁ። ይህን ድርሰት የአዲስ አበባ ልጅ ከኢንተርኔት ይቀዳዋል፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወዳለሁ» ይላል። የእናንተ ግን ሌላ ማንም ጋ የለም፤ ቤታችሁ ሥር መሬት ሲንቀጠቀጥ ስለነበረው ሌሊት፣ አባታችሁ ግጦሹን ከፕሮሶፒስ ለማዳን ስላደረገው፣ ዳጉ እንዴት ዜናን እንደሚያጣራ ጻፉ። በቀላል እንግሊዝኛ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ይሁን። አንባቢው የሚፈልገው ትልልቅ ቃል አይደለም፤ እናንተን ነው።

በመጨረሻ ገንዘብ። ከ1996 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በወጪ መጋራት ይማራል፤ ገብቶ ውል ይፈርማል፣ የትምህርቱን ከፊል ወጪ፣ የምግቡንና የመኝታውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። ስለዚህ ለመግባት ጥሬ ገንዘብ የለንም ብላችሁ ልጅ አታስቀሩ። የሚያስፈልገው የመንገድ፣ የአንሶላና የብርድ ልብስ፣ የደብተርና ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የኪስ ብር ነው። ሰመራ የሚመደብ የብርድ ልብሱን ይተወው፤ ደብረ ብርሃን የሚመደብ ሁለት ይያዝ። ግቢ ሲደርሱ ከካፌ ወጥቶ የምግቡን ገንዘብ በእጅ የመቀበል፣ ነን ካፌ የመሆን ነገር አለ። ሲኒየሮቹ ያሞጋግሱታል፤ ገንዘቡ ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ብሉ።